ስለ እኔ የወደቀውን ወዳጅ እንዴት ላስበው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሌሊት ሰዓታቱ፣ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜው፣ ከቀትር በኋላ ቅዳሴው፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በባዶ ሆዳቸው ለመቁረብ የሚሰለፉበት ጾመ ፍልሰታ ነው። በዚህ ጾም ብዙዎቻችን ሰው እናስባለን። የሞተብንን፣ የራቀንን፣ የተቀየምነውን። አንዳንዶቻችን ስም ጽፈን ለካህኑ እንሰጣለን፤ አንዳንዶቻችን ለነዳያን እንጀራ እንቆርሳለን። መልካም ነው።

እኔ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ ላንሣላችሁ። አንድ ሰው በአንተ ፈንታ ቢመታ፣ አንተም በእርሱ መመታት ብትተርፍ፣ ያንን ሰው እንዴት ነው የምታስበው? ስሙን ሲጠሩ አንገትህን ነቅንቀህ "አይ እሱስ ጀግና ነበር" ማለት ይበቃል? በየዓመቱ ሻማ ማብራትስ ይበቃል? ወይስ ማሰብ ማለት ሌላ ሥራ አለው? ይህ ጥያቄ እኔን ለብዙ ዓመት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን የአንድ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ልንገራችሁ።

በነሐሴ 14 ቀን የወደቀው ወጣት

ጆናታን ዳንኤልስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1939 ኪን በምትባል የሰሜን አሜሪካ ከተማ የተወለደ ነጭ አሜሪካዊ ነው። በወታደራዊ ኮሌጅ ተምሮ በ1961 ተመረቀ። ቀጥሎ ሥነ ጽሑፍ ሊያጠና ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ግን እግዚአብሔርን ማገልገል እፈልጋለሁ ብሎ በ1963 በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ወደሚገኝ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገባ። የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር።

በዚያ ዘመን በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ጥቁር ሰው የመምረጥ መብቱን በተንኮልና በዱላ ይነጠቅ ነበር። ሎውንድስ የምትባለውን የአላባማ አውራጃ ብንወስድ፣ ከነዋሪዋ 80 በመቶ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ በ1965 መግቢያ ላይ በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ጥቁር ሰው አልነበረባትም። አንድ እንኳ! በዚያው ዓመት መጋቢት ወር (በእኛ የካቲት 28 ቀን 1957 ዓ.ም.) በሰልማ ከተማ በሰላም የተሰለፉ ሰዎች በፖሊስ ዱላና በአስለቃሽ ጢስ ተደበደቡ። ማርቲን ሉተር ኪንግም የሃይማኖት ሰዎች ሁሉ መጥተው አብረዋቸው እንዲቆሙ ጥሪ አደረገ።

ጆናታን መጀመሪያ ላይ አመነታ። ትምህርት አለ፣ ገንዘብ የለም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። እንደ እኛው ነው እንግዲህ! ሐሳቡን የለወጠው ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። በትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት የማታ ጸሎት ላይ ሳለ፣ እመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ በሄደች ጊዜ ያቀረበችው የምስጋና ጸሎት ይዜም ነበር። እኛ "ጸሎተ እግዝእትነ ማርያም" እያልን ከውዳሴ ማርያም ጋር በየዕለቱ የምናደርሰው፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የተጻፈው ማለት ነው። እግዚአብሔር ገዥዎችን ከዙፋናቸው እንደሚያወርድ፣ የተናቁትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የተራቡትን እንደሚያጠግብ እመቤታችን የተናገረችው ቃል ጆሮው ላይ ቀረ። መሄድ እንዳለበት ያን ጊዜ ገባውና ተነሥቶ ሄደ።

እስቲ ቆም እንበል። እኛ ያንን ጸሎት በዓመት ስንት ጊዜ ደገምነው? በቃላችን እናውቀዋለን፤ አፋችን ይለዋል፣ እግራችን ግን ካለበት አይነቃነቅም። እኔ ራሴን ነው የምወቅሰው።

ለሁለት ሦስት ቀን ብሎ ሰልማ የሄደው ጆናታን የመመለሻው አውቶቡስ አመለጠው። በእነዚያ ባልታሰቡ ቀናት ነገሩን አሰበበት። ሰው የሚደበደብበት አገር ደርሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ወደ ሞቀ ቤት መመለስ ምን ይባላል? ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ተመልሶ በሰልማ ተቀመጠ። በጥቁሮች ቤት አደረ፤ ከማዕዳቸው በላ። ጥቁር ወጣቶችን ይዞ የራሱ እምነት ሰዎች ወደሚጸልዩበት የነጮች ቤተ ክርስቲያን እየሄደ፣ ፊት ቢነሡትም ደጋግሞ ገባ።

በነሐሴ ወር እርሱና ጓደኞቹ ፎርት ዲፖዚት በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቁርን የሚያንጓልሉ ሱቆችን ለመቃወም ተሰለፉ። ቀኑ ነሐሴ 8 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር፤ እዚህ እኛ ዘንድ የፍልሰታ ሱባኤ መካከል ላይ ማለት ነው። ተይዘው በቆሻሻ መጫኛ መኪና ተጭነው ሄይንቪል ወደሚባል ቦታ እስር ቤት ተወሰዱ። ለአንዳንዶቹ የዋስ ገንዘብ ቢገኝም፣ "ሁላችን ካልወጣን አንወጣም" ብለው ስድስት ቀን በዚያ ሙቀት ታጎሩ።

በነሐሴ 14 ቀን ድንገት ተለቀቁ። የሚወስዳቸው መኪና የለም። ሪቻርድ ሞሪስሮ የሚባል የካቶሊክ ካህን፣ ጆናታንና ሁለት ጥቁር ወጣት ሴቶች ለስላሳ ሊገዙ በአቅራቢያው ወዳለ ሱቅ ሄዱ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ሩቢ ሴልስ ናት፤ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። በሱቁ በር ላይ ቶም ኮልማን የሚባል፣ ያለ ደመወዝ የጸጥታ ረዳት የሆነ ሰው ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ተቆጣ፣ አስፈራራ፣ አፈ ሙዙንም ወደ ሩቢ አቀና። ጆናታን ልጅቷን ገፍትሮ ጣላትና በእርሷ ቦታ ቆመ። ጥይቱ እርሱን አገኘው፤ እዚያው ሞተ። ካህኑም ሌላዋን ወጣት ይዞ ሲሮጥ ከጀርባው ተመትቶ ክፉኛ ቆሰለ፤ እግዚአብሔር ግን አተረፈው።

ጆናታን ሲሞት 26 ዓመቱ ነበር። እኔ ይህን ስጽፍ ዕድሜዬ ከእርሱ ትንሽ አልፏል።

"የእኛ ሰው አይደለም" ለምትሉ

አንዳንድ አንባቢ "ዲያቆን፣ ይህ ሰው ኦርቶዶክሳዊ አይደለም፤ በፍልሰታ ጽሑፍ ውስጥ ምን ይሠራል?" ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በስንክሳራችን የለም፤ እኔም ቅዱስ ብዬ ልጠራው ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን ጌታችን የሕግ ዐዋቂውን "ባልንጀራ ማነው" ለሚለው ጥያቄ ሲመልስለት፣ ምሳሌ ያደረገው ካህኑን አልነበረም፣ ሌዋዊውንም አልነበረም። አይሁድ የሚጸየፉትን ሳምራዊ ነበር (ሉቃ. 10፥25-37)። ሳምራዊውን ያመጣው እምነት ሁሉ አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ የገዛ ቤቱን ሰዎች ሊያሳፍርና ሊያነቃ ነው። ዛሬም እንደዚያ ይሁንልን።

ደግሞም በዚያ ትግል የኦርቶዶክስ ስም ፈጽሞ አልጠፋም። በሰልማ የተገደለውን አገልጋይ ጄምስ ሪብን ለማሰብ መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ የአሜሪካው የግሪክ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ ኢያኮቮስ ጥቁር ቀሚሳቸውንና ቆባቸውን እንዳደረጉ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጎን ቆመው ነበር። ያ ፎቶግራፍ ላይፍ በተባለው መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ ዓለም አይቶታል። ይህን በማድረጋቸው ከገዛ ምእመናናቸው ሳይቀር ተቃውሞ ደርሶባቸዋል። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በፈለጉት ምግብ ቤት ገብተው የሚበሉት፣ ቤተ ክርስቲያን ተክለው የሚቀድሱት፣ ዜግነት ሲያገኙ የሚመርጡት፣ ሌሎች ቀድመው ዋጋ በከፈሉበት መሬት ላይ ቆመው ነው። ይህን መርሳት ውለታ ቢስነት ነው።

የተረፈችው ልጅ ምን አደረገች?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እኔን ከሞተው ይልቅ የምትገርመኝ የተረፈችው ናት። እስቲ በሩቢ ቦታ ሁኑ። ዕድሜሽ 17 ነው። ጓደኛሽ ፊትሽ ወድቋል፤ ጥይቱ ያንቺ ነበር። ምን ታደርጊያለሽ?

ከድንጋጤው የተነሣ አንደበቷ ተሳስሮ ለወራት መናገር ይከብዳት ነበር። ገዳዩ በመስከረም 1958 ዓ.ም. ለፍርድ ቀረበ። ፈራጆቹ 12 ነጭ ወንዶች ነበሩ። ሩቢን "ብትመሰክሪ እንገድልሻለን፣ ቤተሰብሽንም እናጠፋለን" ብለው አስፈራሯት። ተከላካዮቹ ደግሞ "ጆናታን ቢላ ይዞ ነበር፤ ኮልማን ራሱን ነው የተከላከለው" የሚል ታሪክ ፈጠሩ። አያችሁ? ሰውየውን በጥይት ገደሉት፤ ቀጥለው ስሙን ሊገድሉት ተነሡ። ሩቢ ግን ያንን የተሳሰረ አንደበቷን ይዛ ሄዳ ያየችውን መሰከረች። ፈራጆቹ ኮልማንን "ነፃ ነህ" ብለው አሰናበቱት። ከሰው ዳኝነት አንጻር ምስክርነቷ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ይሁን እንጂ እውነቱ ተነግሯል፤ ስለተነገረም እስከ ዛሬ እኛ ዘንድ ደረሰ። በዓመቱም፣ በ1966 እ.ኤ.አ.፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዚያው በሎውንድስ አውራጃ ጥቁሮችንና ሴቶችን ከፈራጅነት ማግለል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ።

ሩቢም በዚያ አላበቃችም። ዓመታት ካለፉ በኋላ የጆናታን ትምህርት ቤት ወራሽ በሆነው መንፈሳዊ ኮሌጅ ገብታ ነገረ መለኮት ተማረች። እርሱ ያልጨረሰውን ትምህርት ማለት ነው። ስፒሪት ሃውስ የተባለ ድርጅት መሥርታም ፍትሕ የተነፈጉትን ስታገለግል ኖረች።

ከዚህ እኔ ሦስት ነገር ተማርኩ።

አንደኛ፣ ወዳጅን ማሰብ መመስከር ነው። ማዘን ብቻውን ማሰብ አይደለም። ስሙ ሲጎድፍ ዝም ካልኩ፣ እያለቀስኩም ቢሆን ረስቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ በእርሱ ፈንታ ያገኘሁትን ዕድሜ ለራሴ ብቻ ልበላው አልችልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንዳስተማረው፣ ክርስቶስ ስለ ሁላችን የሞተው በሕይወት ያለነው ከእንግዲህ ለራሳችን እንዳንኖር ነው (2ኛ ቆሮ. 5፥15)። ሰው ለሰው ሲሞትም የዚህ ጥላ አለበት። የተሰጠኝ ዕድሜ አደራ ነው።

ሦስተኛ፣ ደፋሩን ሰው ከሰው በላይ አድርገን አንስቀለው። "እሱማ ልዩ ሰው ነበር" ስንል ያከበርነው ይመስለናል፤ እውነቱን ብንናገር ግን ራሳችንን ነው የምናድነው። እሱ ልዩ ከሆነ እኔ ምንም አይጠበቅብኝማ! ጆናታን ግን እንደ እኛ ያመነታ፣ በወጣትነቱ እምነቱ የቀዘቀዘበት፣ በፋሲካ በዓል ተመልሶ የጋለ ሰው ነበር። ፍርሃት እንደነበረበት፣ ፍርሃቱም የለቀቀው በጥምቀቱ ከክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ጋር መተባበሩን ከልቡ ባወቀ ጊዜ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ታዲያ እኛስ አልተጠመቅንም እንዴ?

የራሴ ዕዳ

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም።

የ13 ዓመት ልጅ ሆኜ ዜማ ቤት ነበርኩ። ወላጅ የለኝም፤ ከዚያ ጎጆ ውጪ የምሄድበት አልነበረኝም። በፍልሰታ ነው። የኔታ ጧፍ እንዲገዛበት ከምእመናን የተዋጣ ገንዘብ በመጽሐፍ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ራበኝ። ከዚያ ውስጥ 20 ብር ሰርቄ ገበያ ወርጄ ዳቦና ሻይ በላሁ። ጾሙን ሻርኩ፤ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብም በላሁ፤ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት።

በማግሥቱ የኔታ ሁላችንንም አሰለፉን። "የወሰደው ካልወጣ ሁላችሁም ትሄዳላችሁ" አሉ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎኔ በእኔ ላይ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ጓደኛዬ ቆሟል። ዳቦውን ስበላ አይቶኛል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ፊት ወጥቶ "የኔታ፣ እኔ ነኝ" አለ።

ተገረፈ። ከዚያም ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ሄደ። እኔ ቆሜ አየሁት። አንድ ቃል አልወጣኝም።

ያልሠራውን ሠራሁ ማለቱ ልክ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ሐሰትን አላጸድቅም። እኔ የምጠየቀው ግን በእርሱ ቃል አይደለም፤ በእኔ ዝምታ ነው። ድምፁ ከእኔ እጅግ ያማረ ነበር። ዛሬ እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ዲፕሎማም አለኝ። እሱ አዲስ አበባ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ነው። ቅዳሴ ገብቼ ልብሰ ተክህኖ በለበስኩ ቁጥር "ይህ የማን ነበር?" የሚል ድምፅ ይሰማኛል።

ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ገንዘቡንም አብልጬ ከፍያለሁ። ይህ ይበቃል ብዬ ነበር። ጓደኛዬንም ከሁለት ዓመት በፊት አፈላልጌ አገኘሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ይዞ አነሣኝና ሳቀ። "አንተ ልጅ፣ እሱን እስካሁን ተሸክመህ ትዞራለህ እንዴ?" አለኝ። ሻይ ጋበዘኝ። ደስ አለኝ፤ ዕዳዬ የተሰረዘ መሰለኝ።

ልንለያይ ስንል ግን እንዲሁ በጨዋታ መካከል አንድ ነገር ጣል አደረገ። የትውልድ መንደሩ ከሄደ ስንት ዓመቱ! እናቱ በሕይወት አሉ። ለምን አትሄድም ስለው መሬት መሬት እያየ "እዛ እኮ አሁንም የየኔታን ገንዘብ የበላው ነው የሚሉኝ። እማዬ ታፍራለች" አለ።

የኔታ ሌባው እሱ እንደሆነ አምነው አረፉ። እናቱ ልጃቸው ሌባ ነው ብለው ያረጃሉ። እኔ ደግሞ በየዐውደ ምሕረቱ ስለ ፍቅር አስተምራለሁ! እሱ ይቅር ብሎኛል፤ ስሙ ግን አሁንም እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ ወድቆ ይገኛል። ሩቢ ሴልስ ሞት እየዛቱባት የወዳጇን ስም ለማንጻት ቆመች። እኔን ማንም አልዛተብኝም። የምፈራው ጥይት አይደለም፤ "ለካ ዲያቆኑ ነው!" መባልን ነው። ለዚህች ለምታህል ነገር የአንዲት እናት እንባ ስንት ዓመት ፈሰሰ።

ጌታችን ነፍስን ስለ ወዳጅ አሳልፎ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር እንደሌለ አስተምሮናል (ዮሐ. 15፥13)። እኛ ይህን ቃል ስንሰማ ሁልጊዜ በሰጪው ቦታ ራሳችንን እናስቀምጣለን፤ "እኔስ እችል ይሆን?" እንላለን። ብዙዎቻችን ግን በዚያ ቃል ውስጥ ያለነው በተቀባዩ ቦታ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ስለ እኛ ወድቋል። እናት ናት፣ ወንድም ነው፣ ዐረብ አገር ሄዳ ደመወዟን ስትልክ የኖረች እኅት ናት፣ በሐሰት ክስ የእኛን የተሸከመ የሥራ ባልደረባ ነው። እርሱን እንዴት እያሰብነው ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጾም ሳይወጣ አንድ ስም አስብ፤ አስበህም አትቀመጥ። ስለ እርሱ ያልተነገረ እውነት ካለ፣ መነገር ያለበት ቦታ ሄደህ ተናገር። የጎደፈ ስም ካለ አንጻ። እርሱ ጀምሮ ያልጨረሰው ሥራ ካለ፣ ጫፉን ያዝለት።

እኔም ይህን ስጽፍ ገና አልሄድኩም። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ በማግሥቱ ከጓደኛዬ ጋር ወደ መንደሩ ለመሄድ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። መጀመሪያ በእናቱ ፊት፣ ቀጥሎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሜ "የበላሁት እኔ ነኝ" እላለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ስለ እኔ የሚለውን ይበል። እንዳላመነታ፣ አውቶቡሱም እንዳያመልጠኝ በጸሎታችሁ አስቡኝ።

የእመቤታችን አማላጅነት፣ የልጇ ቸርነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር